«ነገ ና» የማይገባው

አሸዋ ሜዳ ነኝ፣ ከታክሲው ማዞሪያ ዝቅ ብሎ፤
በቆርቆሮ አጥሬ ላይ የስልኬ ሽቦ ተንጠልጥሎ።
አራት ዓመት ጠብቄ ነው ያንን አንድ መስመር ያገኘሁ፤
ቁጥሩን የሰጡኝ ዕለት እንደ ሕፃን ስም ደጋግሜ የጠራሁ።

ሠላሳ ዓመት ታይፒስት ነበርኩ፣ ቆዳ ፋብሪካው እስኪዘጋ፤
ጣቶቼ ዛሬም ሳይነጋ ይነቃሉ፣ ደወል ፍለጋ።
አሁን የሰፈሩን ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ በገጽ ሦስት ብር፤
«ጉዳዩ፦» ብዬ እጀምራለሁ፤ ጉዳዩ ሁልጊዜ ያው ነገር፦
የተቋረጠ ጡረታ፣ የጠፋ ፋይል፣ የተሳሳተ የአባት ስም።
መጻፉስ ቀላል ነበር። ቢሮው ግን ወረቀት በእጅ አይቀበልም፤
«በፋክስ ላኩ» ይላል በሩ ላይ፣ በማርከር፣ በቀይ።
ፋክስ ደግሞ ፒያሳ ነው፤ ሁለት ታክሲ፣ አንድ ገጽ ሰባት ብር፣ ሰልፍ ከነፀሐይ።

የእህቴ ልጅ አዲስ ሲገዛ አሮጌ ኮምፒውተሩን ሰጥቶኛል፤
እንደ አሮጌ ላንድሮቨር ያስነጥሳል፣ ቆይቶ ይነሣል።
ሆዱ ውስጥ ሞደም አለው አሉኝ። ስልኩን ሰክቼ፣
«እንግዲህ የፋክስ ፕሮግራም» አልኩ፣ መቀነቴን ፈትቼ።

ቶሎሳ ሦስት ሲዲ አመጣ። ነጋዴ ነው፤ በትልቁ ጀመረ፤
«ይኼ ሁሉን ይችላል፣ እትዬ» ብሎ አንድ ሰዓት መሰከረ።
አርማ ይስላል፣ ሽፋን ያስጌጣል፣ ለመቶ ሰው በአንዴ ያደርሳል፤
ዋጋው የሦስት ወር ገቢዬ፤ መጫኑ ብቻ ግማሽ ቀን ይፈጃል።
እኔ ለመቶ ሰው የምለው ነገር የለኝም።
ለአንድ ቢሮ ነው ያለኝ፤ እሱም አይሰማኝም።

ሁለተኛው ነጻ ነው፤ ነጻ ግን ነጻ አይደል፤
በየገጹ የራሱን ስም ያትማል፣ ቲፎዞ ይመስል።
«የሙከራ ቅጂ» ብሎ ይጽፋል በገረሱ አሻራ ላይ፤
ሰባ ሁለት ዓመት የኖረ ሰው፣ ሙከራ ነው ወይ?

ሦስተኛው ትንሽ ነው። ሠላሳ አምስት ብር። መልክ የለው፣ ግራጫ፤
ሦስት ቁልፍ፦ ለማን፣ የቱን፣ ላክ። ከዚያ ወዲያ የለም ምርጫ።
ቶሎሳ ራሱ አፈረበት፤ «ይኼማ ለድሃ ነው» አለኝ።
«እና እኔን ማን ብለህ ነው?» አልኩት። ሳቀና ጫነልኝ።

የመጀመሪያው የገረሱ ዲንቃ ሆነ፣ ዘበኛ የነበረ፣
ስድስት ዓመት «ነገ ና» ሲሉት፣ በነገ የታጠረ።
ኮፍያውን አውልቆ ተቀመጠ፣ ማሽኑ ፊት፣ እንደ ቢሮ፤
«ላክ»ን ስነካ ሞደሙ ጮኸ፣ ጅራቷን እንደረገጧት ድመት አምርሮ።
ከዚያ ዝም። በመስኮቱ፦ «መስመሩ ተይዟል።»
አነበብኩለት። ኮፍያውን አደረገ፤ ይህን ቃል ያውቀዋል።
«በይ፣ ነገ ልምጣ» አለኝ፤ እግሩ ለምዶታል መንገዱን።
«ቆይ» አልኩት፤ «ይኼ እንደኛ አይደለም፤ አያውቅም ማፈሩን።»

ሦስት ደቂቃ ቆይቶ፣ ማንም ሳያዘው፣ ደወለ።
ተይዟል። ጠበቀ። ደወለ። ተይዟል። ጠበቀ። ደግሞ ደወለ።
አያኮርፍም። ጉቦ አያስብም። የሚያውቀው ዘመድ የለው።
ዘበኛ አይለማመጥም። «ነገ ና» ቢሉት አይገባው።

በዘጠነኛው አንዲት ሴት አነሣች፦ «ሃሎ? ማን ልበል?»
ሞደሙም ጮኸባት፣ ገረሱ ስድስት ዓመት የዋጠውን ሁሉ ያህል።
ዘጋችው። ገረሱ አፉን በኮፍያው ሸፈነ፤
ያለቀሰ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሳቅ ነው የታፈነ።

በአሥራ አንደኛው ገባ። መስመር በመስመር፣ ቀስ እያለ፣
ስሙ፣ የአባቱ ስም፣ የቅጥር ዘመኑ፣ በሽቦው ላይ ኮበለለ።
«ደርሷል፤ አንድ ገጽ» አለ ማሽኑ። ያንኑ አትሜ ሰጠሁት፤
ማንበብ ባይችልም አራት አጥፎ ከደረት ኪሱ ሲከተው አየሁት።

ጡረታው? እኔ እንጃ። ፋክስ መድረሱን እንጂ መነበቡን አይነግርም።
ሠላሳ አምስት ብር ይኸው ነው፤ ከዚህ በላይ አልጠየቅኩትም።
ገረሱ ግን ማክሰኞ ተመልሶ መጣ፣ ሁለት ጎረቤት አስከትሎ፣
«ያቺን የማታፍረዋን ክፈቺልን» ብሎ።